በቆሮሶ ኩሬ ውስጥ አምባዛ መጨመር

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ ዳርቻ ባስቆፈርኩት 200 ካሬ ሜትር ኩሬ ቆሮሶ አረባለሁ። ዓሦቹ እጅግ ቢበዙም አላደጉም፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚረከበኝ ነጋዴም «ከጣት አይበልጡም» እያለ ይመልስልኛል። አንድ ወዳጄ አምባዛ እንድጨምርበት መክሮኛል። አምባዛው ቆሮሶዎቼን አይጨርስብኝም?

መልስ፦ ቆሮሶ ሞቃት በሆነ ኩሬ ውስጥ ገና ከ30 እስከ 50 ግራም ሲመዝን፣ በሦስት ወር ዕድሜው ገደማ መራባት ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ አዳኝ በሌለበት ኩሬም ለትልልቆቹ የታሰበውን ምግብና ኦክስጅን እየተሻሙ ሁሉም ድንክ ሆነው ይቀራሉ።

አምባዛ ያገኘውን ዓሣ እንዳለ ስለሚውጥ፣ የሚበላውን የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው። ከቆሮሶዎቹ አንሶ ከገባ ትልልቆቹን ሳይነካ ጫጩቶቹን ይለቅማል፤ ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ የተረፉትም ይወፍራሉ። በኪሎ ሲመዘን ጠቅላላው ምርት ብዙም ላይጨምር ይችላል፤ ትርፉ ለገበያ የሚበቃው ዓሣ መብዛቱ ነው።

የእርስዎ ኩሬ ግን አስቀድሞ በድንክ ዓሣ ስለተሞላ፣ አሁን ትንሽ አምባዛ ቢጨምሩበት እነዚያን ሊውጣቸው አይችልም፤ ትልቅ አምባዛ ቢያስገቡ ደግሞ ለዘር የሚያስፈልጉዎትን ጭምር ሊበላብዎ ይችላል። ስለዚህ ኩሬውን አጠንፍፈው፣ ዓሦቹን በመጠን ለይተው፣ ቆሮሶውን እንደገና ቢጀምሩና መራባት ሲጀምር ለ10 ቆሮሶ ከ1 አምባዛ ሳያስበልጡ ቢያስገቡ ይሻላል። ፉርሽካና ፋጉሎ አብዝተው ከሰጡ አምባዛው እሱን ጠግቦ ጫጩቶቹን ቸል ይላል፤ ሁሉን በል ነውና። በረጋ የኩሬ ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይራባ ካስገቡት ቁጥር በላይ ይሆናል የሚል ስጋት አይግባዎ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ግን በክረምት እርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ሊወጣ ይችላል፤ የኩሬውን ዳር በመረብ ይጠሩት።

አዳኝ ዓሣ ያጠፋል የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው፣ በእኛ አገር ነጭ ዓሣ የሚባለው ዝርያ፣ በ1980ዎቹ በብዛት ሲስፋፋ በርካታ የሐይቁ ትንንሽ ዓሦች እንዲጠፉ ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። እሱ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ እየተራባ መሄዱ ከእርስዎ ኩሬ አምባዛ ይለየዋል። አምባዛና ቆሮሶ በሐዋሳ ሐይቅ አብረው የሚኖሩ ናቸው፤ ነጭ ዓሣ ግን በሐዋሳ ሐይቅ የለምና፣ ከጫሞ ወይም ከአባያ አምጥቶ በአካባቢዎ ኩሬ ማስገባትን ፈጽሞ አንመክርም።

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላው ደንበኛ ብዙ ነው። ነጋዴው የሚረከብዎ ካልሆነ፣ አምባዛውን ትተው ወንድ ቆሮሶዎችን ብቻ በእጅ ለይቶ ማርባት፣ አድካሚ ቢሆንም፣ የተሻለ አማራጭ ነው።