ይርጋ ይሉኝታ አያውቅም

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 33፣ የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ በክፍል ጽዳት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሃያ አራት ክፍል ነበረን። በደጉ ጊዜ እንግዶቹ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ እኛ አንሶላ እየቀየርን በመስኮት እናያቸው ነበር። ከጸጥታው ችግር ወዲህ እንግዳው እየሳሳ ሄዶ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ የሠርግ ሰሞን ካልሆነ ሰው ዝር አይልም ነበር።

ጥር 28 ቀን ባለቤቱ ሁላችንንም ሰበሰቡን። አሥራ አራት ነን። «ልጆቼ፣ ለእድሳት ልንዘጋ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ታገሡኝ፣ እጠራችኋለሁ» አሉን። እኔም ቁልፎቹን ካውንተሩ ላይ ደርድሬ፣ የጥር ደመወዜን ተቀብዬ ወጣሁ። ፋሲካ አለፈ፣ የሚጠራን ጠፋ። ግንቦት ላይ ሆቴሉ ጭራሽ እንደተዘጋና ሕንፃው ለቢሮ ሊከራይ እንደሆነ ከጥበቃው ሰማሁ። ከጥበቃው! ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ።

ማናጀሩ ጋ ስሄድ «የስንብቱ ነገር እየታየ ነው፣ ነገ ነይ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ነገ ነይ። ከዚያ ደግሞ «አንቺ እኮ ንብረት አላስረከብሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የ11 ቁጥር ቁልፍ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያገኘሁት ቤት ጋውኑን ሳጥብ ነው። ከናስ የተሠራ ማንጠልጠያ አለው፣ 11 የሚለው በመነካካት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። እመለሳለሁ ብዬ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ እስካሁንም እዚያው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። «ከድርጅቱ የሚገባኝን ክፍያ ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከፈረምኩ የአንድ ወር ደመወዝ፣ 6,000 ብር ይሰጠኛል። አምስት ጓደኞቼ ፈርመው ወስደዋል፣ አልፈርድባቸውም፣ የቤት ኪራይ አለባቸው። እኔ እናቴን ላማክር ብዬ ወጣሁ።

ችግሩ እናቴ ናት። ባለቤቱ ጋሼ የእሷ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ናቸው። ልጄን ስወልድ በግ ልከውልኛል። «ከሰው ፊት አታቁሚኝ፣ የሰጡሽን ተቀበይና ተመስገን በይ» ትለኛለች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እሷ ሥራ ያቆመች ጊዜ በየሳምንቱ ገንዘብ ይገባላት እንደነበር ነግራኝ «እናንተም ጋ መኖር አለበት፣ ጠይቂ» ስትለኝ አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ልጁ ሳቀብኝ።

የሚገባኝ ስንት ነው? ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር በወር እስከ 9,000 አገኝ ነበር፣ ደመወዜ ግን 6,000 ነው። ለጡረታ ሲቆረጥብኝ የኖረውን አሁን ማውጣት እችላለሁ? የቅጥር ውል የሚባል ወረቀት በእጄ የለም። ብከስስ ደግሞ ሌላ ሆቴል ማን ይቀጥረኛል?

ቁልፉ ሚስማር ላይ ያለው፣ ከሽምብጥ

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ጥር 28። አሁን ሰኔ አጋማሽ ላይ ነን። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማውራታችን በፊት ይህን ልንገርሽ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው ያለው። ውልሽ የተቋረጠው መቼ ነው በሚለው ላይ መከራከር ይቻላል፤ «ለእድሳት ነው» ብለዋችሁ ነበርና። እኔ ግን ለአንቺ በማይመቸው ቀን ቁጠሪ ነው የምልሽ። ከጥር 28 ከቆጠርሽ ሐምሌ 28 ያልቃል። የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍትም እየመጣ ነው። ስድስት ሳምንት ገደማ አለሽ ማለት ነው።

ወረቀቱን አትፈርሚ። አስተውለሽ ከሆነ «መብቴን ትቻለሁ» አይልም፣ «ተቀብያለሁ» ነው የሚለው። ብልጥ አጻጻፍ ነው። ነገ ፍርድ ቤት ስትቆሚ 28,000 ብር ተቀብለሽ እንደሆነ አድርገው ሊያነቡብሽ ነው። የፈረሙት ጓደኞችሽም በሩ ጨርሶ አልተዘጋባቸውም፤ ግን ትግሉ ይከብዳቸዋልና የወረቀቱን ኮፒ ይዘው የሕግ ሰው ያማክሩ።

28,000 ከየት መጣ ትይኝ ይሆናል። እናስላው። ደመወዝሽ 6,000 ነው፣ የቀኑ 200 ብር ይሆናል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የቀን ደመወዝሽ በ30 ይባዛል፣ 6,000። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ 2,000። ስድስት ዓመት ከሞላሽ አምስት ጊዜ 2,000 ነው፣ 10,000። ድምሩ 16,000። ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይታሰብለታል፣ ያንቺ 12,000 ይሆናል። በአንድ ላይ 28,000። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ካለ እሱም ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ለብቻው ይከፈላል።

ሰርቪስ ቻርጁን በተመለከተ ግን አሠሪሽ ልክ ናቸው። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን፣ ትርፍ ሰዓትን፣ አበልን ከደመወዝ አይቆጥርም። ሆቴል ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው፣ በሰርቪስ ቻርጅ ኖሮ በደመወዝ ይሰናበታል። ያሳዝናል፣ ግን 9,000 ብለሽ ብትጠይቂ ሌላውንም ጥያቄሽን ነው የሚያቀልብሽ።

የአክስትሽ ልጅ ያለችው ውሸት አይደለም። እነሱ ዘንድ አሠሪዎች በሚከፍሉት ግብር የሚቋቋም የሥራ አጥ መድን አለ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች እስከ 26 ሳምንት ይከፈላል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ የለም። ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ስለሌለ የስንብት ክፍያው ነው ያንን ቦታ የሚይዘው፣ ከፋዩም አሠሪው ብቻ ነው። የሳቀብሽ ልጅ ይህን ቢያስረዳሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ለዚህ ነው ስንብቱን እንደ ችሮታ አትዪው የምልሽ።

ጡረታው አልጠፋም፣ አሁን ግን አይወጣም። ከአንቺ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪሽ 11 ከመቶ ሲገባ የኖረው የአገልግሎት ዘመን ሆኖ ይቆጠርልሻል፤ ሌላ ቦታ ስትቀጠሪ በዚያው መለያ ቁጥርሽ ይቀጥላል። ይልቅ ስድስቱም ዓመት በትክክል ገቢ መሆኑን አጣሪ። ቆርጠው ሳያስገቡ የሚቀሩ አሉ።

ስለ መዘግየቱ። ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት ነው ሕጉ የሚለው። በክፍያው መጠን ላይ ባትስማሙ እንኳ አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ መክፈል ግዴታው ነው። ገባሽ? «6,000 ነው የምንሰጥሽ» ካሉ ያንን 6,000 ያለ ምንም ፊርማ ማስያዣ ሊሰጡሽ ይገባ ነበር፤ ክርክሩ በቀሪው ላይ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊታዘዝም ይችላል። «ለእድሳት» የሚሉትም እንደ ልብ የሚለጠጥ ነገር አይደለም። ሥራን ለጊዜው ማገድ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያውቀውና ሊፈቅደው የሚገባ ነው፣ ከ90 ቀንም አይበልጥም።

የሰባት ቀኑ ነገር አንድ ቀዳዳ አለው፣ እሱም ሚስማርሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ሠራተኛው በእጁ ያለውን የአሠሪውን ንብረት ሳይመልስ ቀርቶ ክፍያው ቢዘገይ ጥፋቱ የራሱ ነው። ማናጀሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለ ቁልፉ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ።

እኔም የሰንበቴ ቤት ልጅ ነኝ፣ የምትለው ይገባኛል። በየወሩ አንድ ዳስ ተቀምጦ ከአንድ ጠላ የሚጠጣ ሰው መክሰስ ቀላል አይደለም። በጉም በግ ነው፣ ውለታ ነው፣ አትርሺው። ግን ጋሼ በጉን የላኩት ከራሳቸው ኪስ ነው፣ 28,000ው ግን ያንቺ የላብሽ ነው፤ አንዱ በሌላው አይጣፋም። ይሉኝታ ይዞሽ ሐምሌ 28 ካለፈ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ልክፈልሽ ቢሉ እንኳ ጠበቃቸው «ይርጋ አለ» ብሎ ያስቆማቸዋል።

ስለዚህ መሐል መንገድ አለ። እናትሽን ይዘሽ፣ ከተቻለም አንድ የማኅበሩን ሽማግሌ ጨምረሽ፣ ቤታቸው ሂጂ። ስሌቱን በወረቀት ጻፊና አሳያቸው። «ጋሼ፣ ክስ አልፈልግም፣ ግን ሕጉ ይህን ይላል» በያቸው። ምናልባት ማናጀሩ ያደረገውን አያውቁም፤ ወይም ያውቃሉ፣ እኔ እንጃ። ገንዘብ የለኝም ካሉሽም ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ዳር ላይ ሆቴል ይዞ እነዚህን ዓመታት ማለፍ ምን እንደነበር ሁላችንም አይተናል። በሦስት ጊዜ ልክፈል ቢሉ እሺ በይ። ግን አንድ ነገር ሳትይዢ እንዳትወጪ፦ ይህን ያህል ብር እንዳለባቸውና በየትኛው ቀን እንደሚከፍሉ የሚገልጽ፣ የፈረሙበት ወረቀት። ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋል። «ቃሌ ነው» የሚለው ግን፣ የክርስትና አባትሽ ቢሆኑም፣ አያቋርጠውም። ለዚህ ሽምግልና የምሰጥሽ አንድ ሳምንት ነው።

ካልሆነ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና ሂጂ፣ ብዙ ሰው እስካሁን ሠራተኛና ማኅበራዊ የሚለው ማለት ነው። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ። አሠሪውን ጠርተው ሊያነጋግሩልሽ ይችላሉ፣ ብዙ ጉዳይም እዚያው ያልቃል። ግን ክፈል ብሎ የሚፈርድልሽ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ነገ ነይ ከተባልሽ ሐምሌ እንዳይገባ፣ በቀጥታ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት እለፊ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፣ በተግባር ሊዘገይ ቢችልም። ክሱን የሚጽፍልሽ ካጣሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ያልፈረማችሁት ዘጠኛችሁ ተሰባስባችሁ ሂዱ፤ እርስ በርስም ምስክር ትሆናላችሁ። ድርጅቱ ሌላ ዕዳ ቢኖርበት እንኳ የሠራተኛ ክፍያ ቅድሚያ አለው።

የቅጥር ውል ወረቀት የለኝም ያልሽው አያስፈራሽ። ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ብቻ ሠራተኛ መብቱን አያጣም። ደመወዝሽ በባንክ ይገባ ከነበረ የስድስት ዓመቱን ስቴትመንት በማኅተም አውጪ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽ፣ የሥራ መታወቂያሽ፣ ቴሌግራም ላይ የተላከልሽ የሺፍት ፕሮግራም፣ ሁሉም ማስረጃ ነው።

ሌላ ሆቴል ይቀጥረኛል ወይ ላልሽው፣ ልዋሽሽ አልችልም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ባለሆቴሎቹም ይተዋወቃሉ። የሚጠይቅሽ ይኖራል። የሥራ ልምድ ወረቀት ግን የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን ጠቅሰው በነፃ ሊሰጡሽ ይገደዳሉ፤ ተጣላንም ተስማማንም። ወረቀቱን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ክስ ከመጣ በኋላ ፊት ይጠቁራልና።

ቁልፉን ነገ ጠዋት ከሚስማሩ አውርጂ። ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ በሁለት ወረቀት ላይ «የ11 ቁጥር ክፍል ቁልፍ ከነማንጠልጠያው ዛሬ አስረክቤያለሁ» ብለሽ ጻፊ፣ ቀን አድርጊበት፣ ማናጀሩ አንዱ ላይ ይፈርምልሽ። አልፈርምም ካለ ቁልፉን ይዘሽ ተመለሺ፣ በማግሥቱ ሁለት ሰው አስከትለሽ ሂጂ።