በሙከራ ጊዜ የሠራው የጃቫ ንጽጽር ለምን ከሸፈ?

ጥያቄ፦ በጃቫ የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። መለያ ቁጥሮችን የያዝኩት በኢንቲጀር (ቁጥርን እንደ ኦብጀክት በሚይዘው ዓይነት) ሲሆን በ«==» ሳነጻጽራቸው ከ1 እስከ 100 ባሉት ላይ በትክክል ይሠራል። እንደ 1250 ያለ እውነተኛ መለያ ሳስገባ ግን እኩል የሆኑትን «እኩል አይደሉም» ይለኛል። ተደጋጋሚ የማይቀበለው ስብስብ፣ ሃሽሴቱም፣ አንዱን ተማሪ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል።

መልስ፦ የሁለቱም ችግሮች ምንጭ አንድ ነው፤ ጃቫ እኩልነትን የሚፈርደው እርስዎ በጠበቁት መንገድ አይደለም። «==» በሁለት ኦብጀክቶች መካከል ሲገባ የሚመረምረው ይዘታቸውን ሳይሆን ሁለቱ ቫሪያብሎች የሚያመለክቱት አንዱን ኦብጀክት መሆን አለመሆኑን ነው። ትንንሾቹ ቁጥሮች ያለ ችግር ያለፉት ከ2004ቱ ጃቫ 5 ጀምሮ ኢንት (ኦብጀክት ያልሆነው ተራ የቁጥር ዓይነት) በራሱ ወደ ኢንቲጀር ሲለወጥ ከ-128 እስከ 127 ላሉት ዋጋዎች አስቀድሞ የተዘጋጀው ኦብጀክት ተደጋግሞ ስለሚሰጥ ነው። ለ1250 ግን አብዛኛውን ጊዜ በየጊዜው አዲስ ኦብጀክት ይፈጠራል። በሙከራዎ 128ን አስገብተው ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ያኔውኑ ይታይ ነበር።

መለያ ቁጥር ባዶ ሊሆን ስለማይገባው በእኔ እምነት ኢንት ማድረጉ ይበልጣል፤ የግድ ኢንቲጀር ከሆነ በ«ኦብጀክትስ.ኢኳልስ» ያነጻጽሩ፤ ይህ ሜተድ ናል (ባዶ ዋጋ) ሲያጋጥመውም አይወድቅም። ለስትሪንግም (ለጽሑፍ ዓይነቱ) እንዲሁ ያድርጉ፤ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ጽሑፎች አንድ ኦብጀክት ስለሚጋሩ «==» የሚሠራ ይመስላል፣ ከዳታቤዝ ወይም ከኪቦርድ በመጣ ጽሑፍ ላይ ግን ይከዳል።

ሃሽሴት አንድን ተማሪ ሲቀበል በመጀመሪያ ለኦብጀክቱ በሚሰላው ቁጥር፣ በ«ሃሽኮድ»፣ የሚገባበትን ክፍል ይመርጣል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ መኖሩን የሚያጣራው ከዚያ በኋላ በ«ኢኳልስ» ነው። ክላስዎ እነዚህን ካልጻፈ ከ«ኦብጀክት» ክላስ የወረሳቸው ሜተዶች ይሠራሉ፤ ለእነርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ኦብጀክት ከራሱ በቀር ከማንም ጋር እኩል አይደለም። «ኢኳልስ»ን ብቻ መጻፍ አይበቃም፣ ሃሽኮዱ ከተለያየ ፍለጋው እዚያ ሳይደርስ ይቀራልና። ስለዚህ ሁለቱንም በመለያ ቁጥሩ ላይ ብቻ ተመሥርተው ይጻፏቸው። ስምን አያስገቡ፤ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ቢመዘግብ ለጃቫ ሁለት የተለያዩ ስትሪንጎች ናቸው። ጃቫ 16 ላይ የጸናው ሬኮርድ (መረጃ ለመያዝ የሚጻፍ አጭር የክላስ ዓይነት) ሁለቱን ሜተዶች በራሱ ቢያዘጋጅም ሁሉንም መስኮች ስለሚያነጻጽር ለዚህ ጉዳይ እንዳለ አይሆንም።

ብዙዎችን የሚያደክም ሌላ ወጥመድ አለ። የ«ኢኳልስ» ተቀባይ ዓይነት (በሜተዱ ቅንፍ ውስጥ የሚጻፈው) «ተማሪ» ከተባለ ኮምፓይለሩ ያለ ተቃውሞ ያልፈዋል፤ ሃሽሴቱ የሚጠራው ግን ተቀባዩ «ኦብጀክት» የሆነውን ነው፤ የእርስዎ ሜተድ ፈጽሞ አይነካም። ከሜተዱ በላይ «@ኦቨርራይድ» ከጻፉ ግን ኮምፓይለሩ ስሕተቱን ወዲያው ይነግርዎታል። ተማሪው ሃሽሴት ከገባ በኋላ መለያው ከተለወጠም ውስጥ እያለ «የለም» ሊባል ስለሚችል መስኩን «ፋይናል» (የማይለወጥ) ያድርጉት።

እርማቱን ሲጨርሱ መለያቸው 1250 የሆነ፣ በ«ኒው» ለየብቻ የተፈጠሩ ሁለት የተማሪ ኦብጀክቶችን ወደ ባዶ ሃሽሴት ያስገቡና መጠኑን ይመልከቱ፤ 2 ካለ መጀመሪያ የ«ኢኳልስ»ን ተቀባይ ዓይነት፣ ቀጥሎ «ሃሽኮድ»ን ይመርምሩ።