የቀበሌ ቤት ነበር፣ ታዲያ ማዘን የለብኝም?

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉልኝ። ተወልጄ ያደኩት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው፣ 2016 ላይ ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እኔና እማዬ ኮንዶሚኒየም ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው አልዋሽም፣ ሽንት ቤቱ እንኳን የራሳችን ነው። ግን እስካሁን ከስራ ስወጣ እግሬ ሳላስበው ወደ ፒያሳ ታክሲ ይወስደኛል። ባለፈው ሄጄ የኛን ደጅ ብፈልግ ብፈልግ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ፣ ሰፊ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል፣ እኔ እዛው ቆሜ አለቀስኩ። ለስራ ባልደረባዬ ስነግራት "የቀበሌ ቤት አይደል እንዴ፣ መች የናንተ ሆኖ ያውቃል" አለችኝ። እውነቷን ነው? እማዬ ደሞ ቡና አፍልታ "ማንን ልጥራ" ትለኛለች፣ ምን እንደምላት ጨንቆኛል።

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ ባልደረባሽ የነገረችሽ የወረቀቱን ነው። ደርግ ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ነው ሲል ነው የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው፣ እናንተም በወረቀቱ ተከራይ ናችሁ። ግን ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ የቀየረው ማነው? ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭቃ ለውሳ የመረገችው እናትሽ አይደለችም? በትንሽ ኪራይ ልጅ የተዳረበት፣ ለቅሶ የተደረሰበት ቤት ነው፣ ሲፈርስ ያለቅሱለታል፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ።

እኔም የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ የኛም ሰፈር 2017 መግቢያ ላይ ነው የተነሳው። ግቢያችን ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ነበርን፣ ጠዋት ጠዋት ወረፋው፣ ክረምት ላይ ጎርፉ፣ ያንን ናፈቀኝ ብልሽ ውሸት ነው። የሚናፍቀኝ እናቴ ቡና ወቅጣ ስትጨርስ በዘነዘናው ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ ታደርግና ከወዲያ ማዶ "መጣሁ መጣሁ" የሚለው ድምፅ ነው። ስልክ የለ ምን የለ፣ በዛች ጭቃ ግድግዳ ነበር የምንጠራራው። አሁን ያለሁበት ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብትመቺው ማንም አይሰማሽም፣ እናትሽ "ማንን ልጥራ" ያሉት ገብቶኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ፣ እጣኑ ሲጨስ አንቺ ውጪና እዛው ፎቅ ላይ ያሉትን በሮች አንኳኪ፣ "እማዬ ቡና አፍልታለች ኑ" በይ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ስራ አለብኝ ይላሉ፣ አትቀየሚ፣ በሳምንቱ ድገሚው። ከነሱም ውስጥ እንደናንተው ከሰፈሩ ተነስቶ የመጣና የሚጠራው ያጣ አይጠፋም።

እድሩን ደሞ አደራ። የድሮው ካልፈረሰ መዋጮውን አታቋርጡ፣ እናትሽን የሚያውቋት እነሱ ናቸው። ግን እግዜር አያምጣውና ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወርደው እዛው ብሎክ ያለው ሰው ስለሆነ የአካባቢው እድርም ተመዝገቡ፣ ገንዘብ ከፍሎ መቅረት ሳይሆን ለቅሶ ሲኖር አንቺ ራስሽ ሄደሽ እንጀራ አቅርቢ፣ እቃ እጠቢ። እኔ አዲሱ ሰፈሬ ላይ ሰው ያወቀኝ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ቆሜ ሰሃን ሳጥብ ነው፣ ከዛ በፊት ስምንት ወር ሙሉ ሰላምታ እንኳን አልነበረንም።

ፒያሳ መሄዱን ግን ለብቻሽ አታድርጊው። ጊዮርጊስ እንደሆነ አለ፣ በወር በወር በ23 የድሮ ጎረቤቶቻችሁን ስልክ ደውላችሁ እዛው ተቀጣጠሩ፣ ተሳልማችሁ ስትወጡ አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። ያኔ ደጃችሁ የቱ ጋ እንደነበር እናትሽና ጎረቤቶቿ ተከራክረው ያሳዩሻል። ለእማዬ ሰላም በይልኝ።