ዕድሩ ለቀብር ከመጣ፣ ለቅዳሜ ጠዋትስ?

ከአንባቢያን ለሲስተር

ጥያቄ

ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። እናቴ 76 ሞልቷታል። ከሦስት ዓመት በፊት የጀመራት መርሳት አሁን ጠንቶባታል። እኔን በሟች እኅቷ ስም ትጠራኛለች። ሲመሽ ነጠላዋን ደርባ «ቤቴ አድርሱኝ» ትላለች። ያለችው 40 ዓመት የኖረችበት ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ሳላያት ወጥታ፣ አንድ የባጃጅ ልጅ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ አግኝቶ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን እቆልፋለሁ። አንድ ሌሊት ደግሞ ጮኽሁባት፤ ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል። ወንድሜ አዘዞ ነው ያለው። ይመጣል፣ «አይዞሽ፣ በረከት ነው» ይለኛል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እኅቴ አሜሪካ ነች። እዚያ አስታማሚዎች ተሰብስበው የሚመካከሩበት፣ ተተኪ ሰው መጥቶላቸው የሚያርፉበት ፕሮግራም አለ ትለኛለች። እኛስ ጋ? ነው ወይስ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው የደከመኝ?

ልብስ ሰፊዋ

መልስ

ከጩኸቱ ልጀምር። እኔም ጮኼያለሁ።

31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሰው እናት ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የራሴን እናት ግን፣ የሽሮው ድስት ላይ የሳሙና ዱቄት ስትነሰንስ ሳገኛት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽሁባት። ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እጇን ወደ ኋላ አጣመረችና «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ፣ አዲስ ነኝ» አለችኝ። ሠራተኛ ሆና የተቀጠረች መስሏታል። በገዛ ቤቷ! ሽሮውን ደፍቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ። ስለዚህ ለእኔ አትናዘዢ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ይብቃሽ። እግረ መንገድሽን አንድ ሌላ ሥራ ትሰጫቸዋለሽ፤ እመጣበታለሁ።

ሰነፍም አይደለሽ። ሌሊት ተረኛ ያደረች ነርስ ጠዋት ቤቷ ሄዳ ትተኛለች። አንቺ ግን ሌሊቱን ስትጠብቂ አድረሽ፣ ጠዋት የስፌት መኪናሽ ላይ ትቀመጫለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት ሕመምተኛን ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው ይላል። ቀሪው 30 በመቶ የነወንድምሽ ነው፤ የእሱን ድርሻ እንጠይቀዋለን።

በቅድሚያ ግን እናትሽ ተመርምራለች ወይ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። እኔ እናቴን መጀመሪያ የወሰድሁበት ቦታ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ሸኙን። እኔም፣ ነርሷ፣ አምኜ ተመለስሁ። እርጅና ብቻውን ሰውን ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቤቱን እንዲፈልግ አያደርገውም። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው አልዛይመር የሚባለው የአንጎል ሕመም አለ፣ ወይም ደም ግፊትና ስትሮክ የጎዱት አንጎል። አንዳንዴ ደግሞ የሚታከም ነገር ይሆናል፦ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ክኒን። ጆሮዋ ስላልሰማም የረሳች የምትመስል አለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ውሰጃት። የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀሽ ያዢልኝ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባት ያ መርሳቱ አይደለም። እናቴ አንድ ሰሞን ማክሰኞ ደህና የነበረችው ሐሙስ ላይ ግድግዳው ላይ ሰው ታይ ጀመር። ዘመድ ተሰብስቦ የትኛው ጠበል ይሻላል እያለ ይመክራል። እኔ ሽንቷን አስመረመርሁ። ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቱን በወሰደች በሳምንቷ ወደ ድሮዋ ተመለሰች። ጠበሉን አልቃወምም፤ መድኃኒቷን ግን ማንም እንዳያስቆማት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኅትሽ የምትልሽ እውነት ነው። ኔዘርላንድስ (ሆላንድ) ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕመምተኛውም አስታማሚውም ሐኪሙም አንድ ላይ ቡና እየጠጡ የሚጫወቱበት «የአልዛይመር ካፌ» ጀመረ፤ ዛሬ ብዙ አገር ገብቷል። ጃፓን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሱቁን፣ የባንክ ሠራተኛውን፣ ሾፌሩን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እያስተማረች፣ መንገድ የጠፋበትን አዛውንት እንዴት እንደሚያናግሩ ታሳያለች። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ባል ወይም ሚስታቸውን የሚያስታምሙ 406 ሰዎችን ለብዙ ዓመት ተከታትለው ነበር። ምክር ያገኙት፣ ቤተሰባቸው አብሮ ተቀምጦ ሥራ የተከፋፈለላቸውና በቡድን የሚገናኙት፣ ሕመምተኛቸውን ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተጨማሪ ጊዜ ቤታቸው ማቆየት ችለዋል። ልብ በይ፣ አዲስ መድኃኒት አልተሰጠም።

አንቺን ወደ ቢሮ አልልክሽም። ወደ ዕድርሽ ነው የምልክሽ።

እናቴ ስትሞት የዕድሩ ድንኳን ግቢውን ሞላው። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ንፍሮው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሳስታምማት ግን አንድም ሰው «ሁለት ሰዓት ልቀመጥልሽና ገበያ ውረጂ» አላለኝም። ክፉ ሆነው አይደለም። ለሞት ደንብ አለን፤ ለማስታመም ደንብ የለንም። እኔም አልጠየቅሁም። የሰው እጅ ማየት አፍሬ።

ኋላ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። አንዲት ጎረቤቴ ባሏ በዚሁ ሕመም ተያዘባት። እሷን ይዤ ለዕድሩ ስብሰባ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይህ እዚህ የለም» አሉ። ልንመለስ ስንል አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሡ። «በዚያ በኤች አይ ቪ ዘመን ቤት ለቤት እየዞርን ገላ ስናጥብ፣ አጥሚት ስናጠጣ፣ ደንቡን ማን ገለጠው?» አሉ። ሰዉ ጸጥ አለ። እውነት ነዋ! ያኔ ዕድሮች ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ያስታምሙ ነበር። ረስተነው ነው። (መርሳት የሽማግሌ ብቻ አይደለም።)

ያን ዕለት ስድስት ሴቶች ስማቸውን አስጻፉ። በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ቀሩ። አራቱ ግን ዘለቁ። አንዷ እንዲያውም ሥራ አትሠራም፤ መጥታ ታወራለች፣ ታወራለች። ሰውየው እሷ ስትመጣ ይረጋጋል። ሚስቲቱ በእነዚያ ሰዓታት ምን ታደርግ ነበር መሰለሽ? ትተኛለች። የጎረቤት ቤት ሄዳ ትተኛለች።

ስለዚህ ስትጠይቂ «እርዱኝ» አትበዪ። «እርዱኝ» ስትዪ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ነው መልሱ። ሰዓት ጠይቂ። «እትዬ፣ ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እናቴ ጋ ይቀመጡልኝ?» በይ። ለወንድምሽም እንዲሁ፦ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የእሱ ነው፤ ቡናውንም ያን ዕለት ራሱ ያፍላ። እምቢ ካለ ያ የንስሐ አባትሽ ሥራ ነው። የእሱም ንስሐ አባት እሳቸው ከሆኑማ አለቀ። እኅትሽ ደግሞ ከብሩ በላይ አንድ ነገር ታድርግ፦ ማታ ማታ ራት ስትሠሪ ለግማሽ ሰዓት በቪዲዮ ከእናትሽ ጋር ታውራ። ያን ግማሽ ሰዓት ነጻ ነሽ።

የሚቀመጡልሽን ሰዎች ግን አስቀድመሽ አስተምሪ። ከሁሉ በፊት «አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ?» የሚሉትን ነገር ይተዉ። አገራችን ሰው ታማሚ ሲጠይቅ ፈታኝ ይሆናል። እናቴ ይህን ስትጠየቅ በፍርሃት ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፣ የማታውቀውን ትምህርት እንደተጠየቀች ልጅ። የሚገባው ሰው ስሙን ራሱ ተናግሮ ይግባ። «እኔ የእንትና ልጅ ነኝ፤ ልጠይቅዎት መጥቼ ነው።» አለቀ። ከዚያ እጇ ሥራ ይያዝ። እናቴ የእኔን ስም በጠፋባት ጊዜ እንዝርቱን ግን አልጠፋባትም። ባዘቶውን እጇ ላይ ሳደርግላት ክሩ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር፣ ቅጥን ብሎ፣ ሳይበጠስ። እናትሽም ምስር ትልቀም፤ አንቺ ቤት ደግሞ ቁልፍና ጨርቅ ሞልቷል፣ በቀለም በቀለም ትለይልሽ። ተመልሳ ብትደባልቀው ደባልቃ ትለይ።

«ቤቴ አድርሱኝ» ለሚለው፣ «ቤትሽ ይኸው!» ብለሽ አትከራከሪ። አይረታም። «እሺ እንሄዳለን፤ መጀመሪያ ይቺን ሻይ እንጠጣ» በያት። ካልተወችው ነጠላሽን ልበሺና አብረሽ ውጪ። ግቢውን ዙሪው፣ ጎረቤት ሰላም በሉ፣ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ስትገባ «እፎይ፣ ደረስን» ትላለች። ከ11 ሰዓት ጀምሮ መብራት አብሪ፤ ጥላ ያስፈራቸዋል።

ስለ መቆለፉ፦ አንቺ ቤት ውስጥ ሆነሽ ሌሊት ብትቆልፊ አልፈርድብሽም። ቆልፈሽባት መውጣት ግን በጭራሽ። ከሰል አለ፣ ምድጃ አለ። እኔ የግቢው በር ላይ ቃጭል አንጠልጥዬ ነበር። በሩ ሲነካ ከእንቅልፌም እሰማዋለሁ። የቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ስምሽንና ስልክሽን ጨርቅ ላይ ጽፈሽ ስፊው፤ ሙያሽ ነው። ያን የባጃጅ ልጅ ደግሞ አትርሺው። ፎቶዋን በስልኩ ላኪለት፣ ለባጃጅ ተራ ጓደኞቹም ያሳይ። ጃፓኖቹ በሥልጠና ያመጡት ሾፌር አንቺ ደጅ በራሱ መጥቷል።

እኔ የተማርሁበት ጤና ኮሌጅ እዚሁ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን አድርጎ ወደየወረዳው ይልክ ነበር። ይህች ከተማ ሕክምናን ቤት ለቤት ይዞ መሄድ ያስተማረች ናት። የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያዣት። የእናትሽን ግፊት ትለካልሽ፤ የዕድሩ ስብሰባ ላይም አሥር ደቂቃ ትናገርልሽ። ከአንቺ አፍ «እናቴ ታማለች» ሲሰሙና ከእሷ አፍ «ይህ በሽታ ነው» ሲሰሙ ልዩነት አለው። በሚያሳዝን መልኩ፣ ግን አለው።

ሰፈርሽ ውስጥ እንዳንቺ ያሉ ሁለት ሦስት ሴቶች እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ፤ ተደብቀው ነው። በወር አንድ ቀን ቡና አፍሉ። ከነሕመምተኞቻችሁ። የሆላንዶቹ ካፌ እኮ ይኸው ነው፤ እኛ ፈንዲሻውም አለን። እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ካለች የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ለአስታማሚዎች ያወጣውን «አይሰፖርት» የሚባል መመሪያ ከኢንተርኔት አውርዳ በአማርኛ እያስረዳች ታንብብላችሁ። አምስት ክፍል አለው። ሦስተኛው «ራሴን መንከባከብ» ነው። ከእሱ ጀምሩ።

ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። መርሳት የያዛትን ባለቤቴን ሳስታምም ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልብስ ማልበሱን፣ ማብላቱን ለምጄዋለሁ። ገላዋን ልጠባት ስል ግን ትታገለኛለች፣ ትጮኻለች። አንዲት ጎረቤት «ሴት ልጅ የለህም ወይ?» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መምህሩ፣ ከአዘዞ

መልስ

ጋሼ፣ የጎረቤትዎን ነገር ይተዉት። «ሴት ልጅ የለህም ወይ» ያለችው እሷ ሴት ናት አይደል? ረቡዕ ትምጣልዎ።

መታጠቡን በየቀኑ አያድርጉት፤ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል፣ በመካከሉ እርጥብ ፎጣ። ደግሞስ ጎንደር ላይ በየቀኑ የሚታጠብ ማን ነው፣ ውሃው በፈረቃ ሆኖ? በርሜሉ የሞላበትን ቀን ይምረጡ። ጠዋት አይሁን፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቤቱ ሲሞቅ። «ገላሽን ታጠቢ» አይበሏት። ዝም ብለው ወንበር ላይ ያስቀምጧትና ለብ ባለ ውሃ እግሯን ይጠቧት፣ እንደ እንግዳ። እግር መታጠብ ክብር እንደሆነ ሰውነቷ ያውቀዋል። ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከዚያ እጅ። ራሷ ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ የሚያስጮኻት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያልታጠበውን ገላ በነጠላ ይሸፍኑት፣ እየገለጡ ይጠቡ። ዛሬ እግር ብቻ ከሆነ እግር ብቻ ይሁን። ፎጣውን ደግሞ አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያሙቁት።