ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ከሩቅ ስለ መግዛት፤ ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ የሚገኙ የሸክላ ሙዚቃ ወዳጆች በኢንተርኔት የሚሸጡ ያገለገሉ ማጫወቻዎችን ስለ መግዛትና በመንገድ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ጥያቄዎች አሰባስበው እንድመልስ ጠይቀውኛል። ዕቃዎቹን ስጠግን ካየሁት ተነሥቼ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ያየሁት ማጫወቻ በፎቶግራፍ እንከን የለውም። ሻጩም «በደንብ አሽጌ እልካለሁ» ብሎኛል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሻጩ ዕቃውን ፈታቶ ለማሸግ ፈቃደኛ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይላኩ። ማጫወቻን በመንገድ የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚያርፍበት ምት ሳይሆን በራሱ ውስጥ ሳይታሰር የቀረው ክብደት ነው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን በአብዛኞቹ ማጫወቻዎች በመሃል ዘንጉ ላይ የሚያርፈው በገዛ ክብደቱ ብቻ በመሆኑ፣ ካርቶኑ ሲገለበጥ ከቦታው ይነሣና ክዳኑን ይሰነጥቃል፣ መርፌውን የሚይዘውን ክንድ ያጣምማል፣ ሲመለስም ኩሽኔታውን ይመታል። ከክንዱ ጀርባ ያለው ማመጣጠኛ ክብደትም መኪናው በነጠረ ቁጥር የክንዱን ጥቃቅን ኩሽኔታዎች ይጎዳል።

ስለዚህ ሻጩ ሳህኑን አውጥቶ ለብቻው ይጠቅልልና ከማጫወቻው በታች ያስቀምጠው፤ ከላይ ከሆነ መውደቁ አይቀርም። ማመጣጠኛ ክብደቱንና መርፌውን የያዘውን የክንዱን ጫፍ ይፍታ፤ ክንዱን ከማረፊያው ጋር በለስላሳ የጥጥ ክር ይሰር። የማረፊያው ፕላስቲክ መያዣ ብቻውን አይታመንም፤ ፕላስተር ደግሞ ሲላጥ ቀለም ይዞ ይነሣል። ክዳኑ ከማጠፊያው ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል። ከዚያም ሁሉም በአንድ ካርቶን ከገባ በኋላ ያ ካርቶን በሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ፤ በሁለቱ መካከልም በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይኑር። የተጨማደደ ጋዜጣ ግን መንገድ ላይ ተጨምቆ ባዶ ቦታ ስለሚፈጥር ለዚህ አይሆንም። ይህን ሁሉ ሲጠየቅ የሚሰለች ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ቢተዉት ይሻላል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ መንገድ የሚችለው የትኛው ዓይነት ነው?

መልስ፦ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ፣ በ1979 የተሻሻለው ሞዴልም 12 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጠንካራ ዕቃ ነው። ሆኖም ክብደቱ ራሱ ካርቶኑን ስለሚቀድ ማሸጊያው ከሌላው የጠነከረ መሆን አለበት። እንደ ቶረንስ ቲዲ 160 ያሉት፣ ሳህናቸውና ክንዳቸው በሞላ ላይ የተንሳፈፈ ማጫወቻዎች፣ ሞላው ካልተወጠረ ወይም ከሥሩ ካልተደገፈ መንገድ አይችሉም። እነዚህን ከሩቅ ከመግዛት ሄዶ ማምጣት ይመረጣል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ገዝቶ ሊልክልኝ ነው። በእኛ መብራት ይሠራል?

መልስ፦ ይህ ከስብራት ባልተናነሰ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው) ሲሆን የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ቺንጋ ያላቸው ብዙዎቹ የቆዩ ማጫወቻዎች የሞተራቸው ፍጥነት በኸርዙ ስለሚወሰን፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የነበረበት ሳህን ወደ 28 ጊዜ ገደማ ይወርዳል፤ ዘፋኙም እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። መፍትሔው ቺንጋውን የሚያዞረውን የሞተሩን መዘውር (ፑሌጃ) ለ50 ኸርዝ በተሠራ መለወጥ ነው፤ እሱም ለሁሉም ሞዴል አይገኝም። ፍጥነታቸውን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት፣ ከላይ የጠቀስሁት ቴክኒክስ ጭምር፣ ቮልቱ ብቻ ከተስተካከለላቸው በትክክል ይዞራሉ። የእህትዎ ልጅ ከጀርባው የተለጠፈውን የቮልትና የኸርዝ ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮም ይጨምር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተጀመረው የሸክላ አሳታሚ ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን የቀሩልን የአገራችን ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ናቸውና።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ አዲስ አበባ በሰላም ከገባ በኋላ ወደ እኛ እንዴት ይምጣ?

መልስ፦ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በሰላም የደረሰ ዕቃ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ባለው ጠመዝማዛ ሊሰበር ይችላል። ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ልጫነው ቢልዎ እሺ አይበሉ፤ ከላይ ጆንያ ይደረብበታል፣ ክረምት ከሆነም ይዘንብበታል። ለዕቃው አንድ ወንበር ከፍሎ አጠገብ አስቀምጦ መምጣት ከጥገናው ዋጋ ይረክሳል። ካርቶኑንም አዲስ አበባ ላይ ለማየት ብለው ከከፈቱት እንደነበረ መልሰው ያሽጉት።

ጥያቄ (ከደንበጫ)፦ ስረከብ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመክፈትዎ በፊት የካርቶኑን ስድስቱንም ገጽ ፎቶ ያንሡ፤ ሲከፍቱም ሰው ይቅረጽልዎ። አጓጓዦች ለካሳ ጥያቄ ማሸጊያውን ጭምር ሊጠይቁ ስለሚችሉ አይጣሉት። ቮልቱን ሳያረጋግጡ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ከዚያ የክንዱን ጫፍ በሁለት ጣት ይያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣም በቀስታ ይነቅንቁት፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ወይም ልቅነት ከተሰማዎ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ሳህኑንም በእጅ አዙረው ጠርዙ ከፍና ዝቅ ማለቱን ከጎን ዝቅ ብለው ይመልከቱ። መርፌው ደህና ቢመስልም አዲስ ይግዙ፤ ያለቀ መርፌ ሸክላ ይበላል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ክዳኑ ብቻ ተሰንጥቆ ቢደርስ ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት። ክዳን ድምፅ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቁና ያስቀሩት። ክንዱ ከተጣመመ ግን ሻጩ ግማሽ ዋጋ ልመልስልህ ቢልዎም አይቀበሉት፤ ሙሉ ገንዘብዎን ያስመልሱ።