መልስ፦ ከሥራ መልስ ለልጆች ልብስ መሥራት
እህቴ፣ «ቀን ሥራ ውዬ ማታ ለልጆቼ ሹራብና ልብስ መሥራት እችላለሁ?» ላልሽው፣ ይቻላል። ግን ሁለቱን ባንዴ አትጀምሪ። እኔ በሹራብ ነው የጀመርኩት። ክርና የኪሮሽ መርፌ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ዙር ይወጣል። ስፌት ግን ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ጨርቁ ከተዘረጋ ደግሞ ልጆቹ ይተኙበታል።

የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ሳትቆርጪው እጠቢው። እኔ ሳላጥበው ለትልቁ ልጄ ፒጃማ ሰፍቼ፣ አንዴ ሲታጠብ ሱሪው ባቱ ላይ ቀረ። ለታናሹ ሆነ! የሱሪው እግር ላይ አራት ጣት ያህል ትርፍ አጥፈሽ ስፊው፤ ልጁ ሲያድግ ትፈቺዋለሽ።

ሹራቡን ከአንገት ወደ ታች ሥሪው። ልጁ ሲረዝም ከታች ትቀጥዪበታለሽ። ከዛው ክር አንድ ልቃቂት አስቀምጪ፤ አለዚያ በኋላ ያንኑ ቀለም ፍለጋ መርካቶን ትዞሪያለሽ።