«ጋሼ» ሲሉኝ አረጀሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው። ሰሞኑን የሰፈር ልጆች «ጋሼ» ይሉኝ ጀመር። ባለቤቴ «ክብር ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ሽማግሌ ያደረጉኝ መሰለኝ። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ? «ጋሽ» እና «ጋሼ»ስ ይለያያሉ?

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይዞዎት፣ አላረጁም። «ጋሼ» ከጥንትም የታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው። ሥሩ ጋሻ ነው፤ ያ ጦር የሚመከትበት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤ» ደግሞ «ሆዴ»፣ «ዓለሜ» ስንል የምትመጣዋ ናት። ልጆቹ እንግዲህ «ጋሻዬ» እያሉዎት ነው።

እኛ ቤት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ነበር። በቃ፣ ጋሼ። እናቴ እንኳ እኛን ስትልክ «ጋሼን ጥሩት» ነበር የምትለው። አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሩ «ታላቅ ወንድምህ ማን ይባላል?» አለኝ። «ጋሼ» አልኩ። «ስሙን ነው የጠየቅኩህ!» «ጋሼ ነዋ!» ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ማታ እናቴን ጠየቅኳት። ስሙን ነገረችኝና ወዲያው «አንተ ግን እንዳትጠራው» አለችኝ። የሚበልጠኝ በስድስት ዓመት ብቻ ነው። ዛሬም ስልኬ ላይ «ጋሼ» ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ልዩነቱ ቀላል ነው። ስም ሲከተል «ኤ»ዋ ትወድቃለች፤ ጋሽ አለሙ፣ ጋሽ ተስፋዬ። አርቲስት ስለሺ ደምሴንም ከተማው «ጋሽ አበራ ሞላ» ነው ያለው። ስም ከሌለ «ጋሼ»። «ጋሼ አለሙ» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይገጥመኛል፤ ጆሮዬን ይጎረብጠኛል። «እትዬ» ግን እንዲህ አታስቸግርም፤ ብቻዋንም «እትዬ አልማዝ» ተብላም ያው ናት። እሷም «እት» ከሚለው፣ ከእህት የመጣች ናት።

«አባባ» ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ገና አልደረሱም። ወያላው «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ያለዎት ቀን ግን ይጻፉልኝ፤ አብረን እናዝናለን።

እስከዚያው ከ«ጋሼ» በኋላ የሚመጣውን ግስ ያዳምጡ። እኔ ወንድሜን «ጋሼ፣ በላህ?» ነው የምለው፤ አንቱ ብለው ይስቅብኛል። ልጆቹም «ጋሼ፣ ኳሷን አቀብለን» ካሉዎት ገና ወንድማቸው ነዎት። «ያቀብሉን» ካሉ ግን... ባለቤትዎ እንዳይሰሙ።